ልጄ ነጠብጣብ እንዳትስል ተነገራት፤ ስለ አቦርጂናል ሥዕል የምታውቁ ካላችሁ?

እናት_በሜልቦርን · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። የምኖረው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ ነው። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ሰሞኑን ለክፍል ሥራ ካንጋሮ ሳለች። ውስጡን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ እየነካች በነጭ፣ በቢጫና በቀይ አፈር ቀለም ነጠብጣብ ሞላችው። ሁለት ማታ ፈጅቶባታል። አምሮባት ነበር። ፍሪጁ ላይ ቦታ ሁሉ አዘጋጅቼላት ነበር።

አስተማሪዋ አመስግናት ስታበቃ፣ "ይህ አሳሳል ባለቤቶች አሉት። የእነሱን ከመቅዳት የራስሽን ቤተሰብ ታሪክ ብትስዪ ደስ ይለኛል" አለቻት። ልጄ አልቅሳ መጣች። የኔም ደም ፈላ። ነጠብጣብ ባለቤት አለው እንዴ? ጠዋት ማታ የአገሩን ነባር ሕዝቦች፣ የአቦርጂናሎቹን፣ ባህል አክብሩ ይሉናል። ልጅቷ ወዳው ስትስለው ደግሞ ተዪው።

ይባስ ብሎ ዛሬ ገበያ ወጥቼ አንድ ሱቅ ውስጥ በዚያው ነጠብጣብ ያሸበረቀ ቡመራንግ፣ ያንን የታጠፈ መወርወሪያ እንጨት፣ አየሁ። ገልብጬ ሳየው ሌላ አገር የተሠራ ነው። እሱ በአደባባይ ይሸጣል፤ የኔ ልጅ ካንጋሮዋን ቦርሳ ውስጥ ደበቀች። ሰኞ አስተማሪዋን ላናግራት ነው። እስቲ የሚያውቅ ያስረዳኝ፤ ባዶ ጭንቅላቴን ይዤ አልሂድ።

ዘራፍ_ነኝ · ቅዳሜ፣ 2፡31

እህቴ አትልፊ። መሬቱን ወስደው ሲያበቁ ነጠብጣቡን እናስከብር ይላሉ። ደግሞ በሐቅ እንነጋገር ከተባለ፣ ያ ሥዕል በሚሊዮን ዶላር የሚሸጠው ምኑ ታይቶ ነው? ነጥብ በነጥብ ላይ። የኔም ልጅ ትሠራዋለች።

ቀለም_ቀቢው · ቅዳሜ፣ 2፡58

"የኔም ልጅ ትሠራዋለች" የምትለዋን ነገር አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከገባሁ ቀን ጀምሮ ስሰማት ኖሬያለሁ። ለምጃታለሁ፤ ዘራፍ፣ አንተንም አልቀየምህም።

እናት_በሜልቦርን፣ ያ የነጠብጣብ ሥዕል የበረሃ ሰዎች ነው፤ ጌጥ አይደለም። ካርታ ነው ብትዪ ይቀርባል። ከሰማይ ወደ ታች የታየ አገር ነው። ክብ በክብ ውስጥ ካየሽ የውሃ ጉድጓድ ወይም ሰፈር ሊሆን ይችላል። ክቦቹን የሚያገናኘው መስመር መንገድ ነው። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈችው ምልክት ሰው ናት። አሸዋ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ የተነሳ ሰው የሚተወው አሻራ ማለት ነው። አጠገቧ ሞላላ ገበቴና መቆፈሪያ እንጨት ካለ ሴት ናት፤ ጦር ካለ ወንድ። ይህን ልጆች ድሮ ወረቀት ላይ አልተማሩትም። አያት አሸዋ ላይ በጣቷ እየሳለች ታወራለች፤ ስትጨርስ በመዳፏ ትጠርገዋለች።

ሸራ ከመጣ በኋላም ሥራው መሬት ላይ ነው። ሸራው ይዘረጋል፣ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ ብዙ ጊዜም የቦታውን ዘፈን እየዘፈኑ ይስላሉ። ስለዚህ ላይና ታች የለውም። ሙዚየም ግድግዳ ላይ በየት በኩል ይሰቀል ብሎ የሚጨነቀው ሙዚየሙ ነው።

ባለቤት አለው ወይ ላልሽው፣ አለው። ቃሉም እኛ ዘንድ አለ፦ ርስት። ዋርልፒሪ የሚባሉት የበረሃ ሕዝቦች ዘንድ አንድ ታሪክ በአባት በኩል የሚወርሱት ባለቤቶች አሉት፤ ኪርዳ ይባላሉ። በእናት በኩል የሚዛመዱት ደግሞ ጠባቂዎቹ ናቸው፤ ኩርዱንጉርሉ። ባለቤቱ ይስላል። ጠባቂው አጠገቡ ተቀምጦ ነገሩ በትክክል መሳሉን ያያል። የራሳቸው ሰው እንኳ ብድግ ብሎ የጎረቤቱን ታሪክ አይስልም። ያንቺን የአያት ርስት ጎረቤት አጥሮ ቢያርሰው ዝም ትያለሽ?

ዘራፍ፣ ላንተ አንዲት ሴት ብቻ ልንገርህ። ኤሚሊ ካሜ ንዋሬ ትባላለች። ዩቶፒያ በሚባል በረሃ ኖረች። ሸራ የነካችው ወደ ሰማንያ ዓመቷ ሲጠጋ ነው። በ1996 እስክትሞት በስምንት ዓመት ገደማ ውስጥ 3,000 ያህል ሥዕል እንደሠራች ይገመታል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ከምትስላቸው ነገሮች አንዱ ከመሬት ሥር የሚወጣ፣ እኛ አገር ደቡብ ውስጥ ቦዬ እንደምንለው ያለ የሚበላ ሥር ነው። ካሜ የሚለው ስሟ ራሱ የዚያ ሥር ዘር ነው። ምን ሳልሽ ሲሏት መልሷ "ሁሉንም" ነበር። ልጅህ ሰማንያ ዓመት ያንን መሬት እየቆፈረች ከበላች በኋላ ትሥራውና እንነጋገራለን።

እናት_በሜልቦርን · ቅዳሜ፣ 3፡12

ርስት ስትል ገባኝ። ግን ነጠብጣቡስ? ልጄ የሳለችው ካንጋሮ ነው፤ የማንንም የውሃ ጉድጓድ አልነካችም እኮ።

ቀለም_ቀቢው · ቅዳሜ፣ 3፡40

እሱማ ነው ዋናው ነገር።

በአገሩ መሃል ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ፓፑንያ የምትባል መንደር አለች። መንግሥት ፒንቱፒ፣ ሉሪቻ፣ ዋርልፒሪ፣ አንማትየርና አረንት ሕዝቦችን ከየአገራቸው ሰብስቦ አንድ ላይ ያሰፈረባት ናት። እንደ ነጭ እንዲኖሩ ነበር ዕቅዱ። በ1971 ጆፍሪ ባርደን የሚባል አስተማሪ ተመድቦ መጣ፤ የራሳቸውን ምልክት እንዲስሉ አበረታታቸው። ሽማግሌዎቹ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የማር ጉንዳንን ታሪክ ሳሉ። የማር ጉንዳን ሆዱ ውስጥ ማር የሚያጠራቅም ነው፤ ከመሬት ቆፍረው አውጥተው ማሩን ይመጡታል። የዚያ አካባቢ ታሪክ ነው። አስቡት፣ ልጆች ቋንቋቸውን እንዲተዉ የሚማሩበት ግድግዳ ላይ ነው የሳሉት። በዓመቱ፣ በ1972፣ ፓፑንያ ቱላ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ዛሬም ባለቤቶቹ እነሱው ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ግን ወግ ያልተፈጸመለት ሰው ማየት የሌለበት ምልክት ሁሉ ወጣ። ጎረቤት ሕዝቦች ተቆጡ። "ይህን ለማን አሳያችሁት?" ሆነ ነገሩ። ከዚያ ወዲህ የተቀደሰውን ነገር መተው ወይም በነጠብጣብ መሸፈን ጀመሩ። ነጠብጣብ የመጣው ለመሸፈን ብቻ ነው አልልም፤ በገላ ቅብም በአሸዋ ሥዕልም ላይ ከጥንት አለ። ግን እኛ "እንዴት ያምራል" የምንለው ነገር አንዳንዴ መጋረጃ ነው። የመቅደስ መጋረጃ በይው። ልጅሽ የሳለችው መጋረጃውን ነው። ከኋላው ምን እንዳለ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ጋሽ_ታዛቢ · ቅዳሜ፣ 4፡25

ልጆች፣ ሜልቦርን ከመጣሁ 26 ዓመቴ ነው። ታክሲ ስነዳ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቀለም ቀቢው ያለውን አልነቅፍም፤ ግን አንድ ነገር ዘለለ።

እናት_በሜልቦርን የምትኖርበት መሬት የበረሃ ሰዎች አይደለም። የኩሊን ሕዝቦች ነው፤ ዉሩንጀሪና ቡኑሮንግ የሚባሉት። እነሱ ዘንድ ነጠብጣብ ወግ አልነበረም። የእነሱ እንጨት ላይ የሚቀረጽ መስመር ነው። የፖሰም ቆዳ ካባ ነው። ፖሰም ያቺ ማታ ማታ ጣራችን ላይ የምትሮጠው አውሬ ናት። ለሕፃኑ በጥቂት ቆዳ ይጀመርለታል። ሲያድግ ቆዳ እየተጨመረ ይሰፋል። በውስጡ በኩል የሰውየው ታሪክ እየተጫረ ይሳልበታል። ሲሞት በዚያው ተጠቅልሎ ይቀበራል። ሰውየውና ካባው አብረው ያድጋሉ ማለት ነው። እኔ ከሰማሁት ሁሉ ይሄ ነው ልቤን የነካኝ።

ስዋንስተን መንገድ ጫፍ ያለውን ረጅም ሕንፃ አይታችሁታል? በረንዳዎቹ ከሩቅ ሲታዩ የሽማግሌ ፊት ይሆናሉ። ዊልያም ባራክ ነው። የዉሩንጀሪ መሪ ነበር፣ ሠዓሊም ነበር። በ1903 ነው ያረፈው። ኮራንደርክ በሚባል ሰፈር ሆኖ ካባ የለበሱ ሰዎች ሲጨፍሩ ይስል ነበር፤ ጭፈራው ራሱ በማይፈቀድበት ጊዜ። እኔ ስንት ደንበኛ ጭኜ በዚያ በኩል አልፌ፣ የማን ፊት እንደሆነ የነገረችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ያውም ከኋላ ወንበር።

አህጉሩ ከ250 በላይ ቋንቋ የነበረበት ነው። ሰሜን፣ አርነም ላንድ ብትሄጂ የዛፍ ልጣጭ ላይ ቀጭን መስመር በመስመር ላይ እየተጣለ ነው የሚሳለው። ኪምበርሊ ብትሄጂ ዋሻ ውስጥ አፍ የሌለው ነጭ ፊት ነው፤ ዋንጂና ይሉታል። ሁሉን ጠቅልሎ ነጠብጣብ ማለት የሐረርን ሙዳይና የጎንደርን ሥዕል "የአፍሪካ ዕቃ" ብሎ እንደ መሸጥ ነው። እስክስታን "አፍሪካን ዳንስ" ሲሉብን የምንናደደው ንዴት ትዝ ይበለን።

ሀና_ዲሲ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ሳነብ ጠልሰም ትዝ አለኝ። አያቴ ዘንድ በቆዳ ማኅደር የተሰፋ ክታብ ነበረ። ብራናው የሚቆረጠው በሰውየው ቁመት ልክ ነው ይባላል። የክርስትና ስሙ ይጻፍበታል። ትልልቅ ዓይኖች ይሳሉበታል። ደብተራው የሚስለው ሊያስጌጥ ሳይሆን ሊፈውስ ነው። እሱንም ማንም ተነስቶ አይስለውም። ዛሬ ግን ቦርሳ ላይ፣ ቲሸርት ላይ ታትሞ አያለሁ። እውነቴን ነው፣ እኔም አንድ ቦርሳ አለችኝ። አስተማሪዋን ለመውቀስ አፍ የለኝም።

ዘራፍ_ነኝ · እሑድ፣ 2፡20

ሀና ክታቡንና ነጠብጣቡን አታደባልቂው። እኛ ስለ መንፈስ እያወራን አይደለም።

ደግሞ ባህል፣ አንድነት፣ ደኅንነት እየተባለ በየሙዚየሙ ይጻፋል። የቱ አንድነት? በ2017 የነባሮቹ ተወካዮች ኡሉሩ የሚባለው ትልቅ ቋጥኝ ዘንድ ተሰብስበው ለአውስትራሊያ ሕዝብ መልእክት ጻፉ። ዙሪያውን አሳምረው ሸራ ላይ ሳሉት፣ ተፈራረሙበት። በጥቅምት 2023 ፓርላማውን የሚያማክር የነባሮቹ አካል በሕገ መንግሥቱ ይቋቋም ወይ ተብሎ ሪፈረንደም ሆነና አገሬው ከመቶ ስልሳው "አይሆንም" አለ። ሥዕሉ ምን አመጣ?

ቀለም_ቀቢው · እሑድ፣ 3፡02

ሪፈረንደሙ ላይ እውነትህን ነው፤ አልከራከርህም። ግን ሥዕል ምንም አያመጣም ካልክ ሁለት ነገር ስማኝ።

በ1963 ሰሜን ውስጥ፣ ዪርካላ ላይ፣ መንግሥት የዮልንጉ ሕዝቦችን መሬት ሳያማክራቸው ለቦክሳይት ማዕድን ሰጠ። አቤቱታ ጻፉ፤ በራሳቸው ቋንቋና በእንግሊዝኛ። ወረቀቱን የዛፍ ልጣጭ ላይ ለጥፈው ዙሪያውን የጎሳዎቻቸውን ሥዕል ሳሉበት። ለፓርላማ "ይህ ፊርማችን ነው፤ መሬቱ የኛ ለመሆኑም ማስረጃው ይኸው" እንደ ማለት ነው። ማዕድኑ አልቆመም። ፍርድ ቤት ሄደው በ1971 ተሸነፉ። ነገር ግን ከዚያ ክርክር ተነስቶ በ1976 የሰሜን ግዛት የመሬት መብት ሕግ ወጣ። ልጣጮቹ ዛሬም ካንቤራ ፓርላማ ውስጥ አሉ።

ሁለተኛው ንጉራራ የሚባለው ሸራ ነው። በታላቁ አሸዋማ በረሃ ያሉ ሕዝቦች የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ አቅርበው ነበር። ቋንቋቸው አንድ አይደለም፦ ዋልማጃሪ አለ፣ ዋንካጁንጋ አለ፣ ማንጋላ አለ። የችሎቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ነገሩ አልሄድ አለ። በ1997 አርባ ያህል ሰዎች ሆነው ስምንት በአሥር ሜትር የሆነ ሸራ ሳሉ። የቤት ወለል አይበቃውም። ሁሉም የየራሱን የውሃ ጉድጓድ፣ የየራሱን አገር ሳለ፤ ሸራው ግን አንድ ነው። ከዚያ የመንግሥት ሰዎች ባሉበት እያንዳንዱ ሸራው ላይ ወጥቶ የሳለው ቦታ ላይ ቆመና በቋንቋው ተናገረ። በሥዕል ላይ ቆሞ መመስከር! በ2007 ከ70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ መሬት የእነሱ መሆኑ ተረጋገጠ።

አንድነት ስትል ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር የሚስልበት መስሎህ ከሆነ አይደለም። ድንበር ለድንበር የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እኔ እስከዚህ፣ አንተ ከዚህ። ያለ እሱ ሸራው አይሞላም።

ጋሽ_ታዛቢ · እሑድ፣ 3፡15

ይህን ዘዴ የኛ የቀበሌ ካርታ ሠራተኞች በሰሙት።

ነርስ_ነበርኩ · እሑድ፣ 5፡48

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

አሊስ ስፕሪንግስ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ኩላሊት እጥበት ላይ። በዚያ በረሃ የኩላሊት ሕመም ከባድ ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎቼ ነባር ሕዝቦች ነበሩ። የኩላሊት እጥበት ምን እንደሆነ ቤተሰብ ያለባችሁ ታውቁታላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አምስት ሰዓት፣ ከማሽን ጋር ታስሮ መዋል ነው። አንድ ሳምንት ብትቀር ልትሞት ትችላለህ።

አሁን ቀለም ቀቢው የጠቀሳቸውን ፒንቱፒዎች አስቧቸው። ከበረሃቸው ተወስደው ፓፑንያ ተቀመጡ። በ1981 ተነስተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኪንቶር የሚባል መንደር ቆረቆሩ። ከአሊስ በስተምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ አፈር መንገድ ነው። ከኪንቶር ራቅ ብሎ ኪዊርኩራ አለ። እንግዲህ ያኔ በስንት መከራ የተመለሰ ሰው ኩላሊቱ ሲደክም ምርጫው ሁለት ነበር። አሊስ ሄዶ ከሰው አገር ተቀምጦ ማሽኑን መጠበቅ፣ ወይም እጥበቱን ትቶ ቤቱ መሞት። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ታሪኩን የሚያውቁት፣ ዘፈኑን የሚያውቁት፣ ልጅ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። አሊስ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለማን ያስተምሩ?

ታዲያ ምን አደረጉ? ደቦ ወጡ። የኪንቶር ወንዶች አንድ ትልቅ ሸራ ሳሉ። ሴቶቹ አንድ። የኪዊርኩራ ወንዶች አንድ፣ ሴቶቹም አንድ። አራት ሸራ። በኖቬምበር 2000 ሲድኒ ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከሌሎች ሥራዎች ጋር ጨረታ ቀረበ። ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። በዚያ ብር ድርጅት አቆሙ። የድርጅቱ ስም በቋንቋቸው "ቤተሰባችንን ሁሉ ደህና ማድረግ" እንደ ማለት ነው። በ2004 ኪንቶር ላይ የመጀመሪያው ማሽን ሥራ ጀመረ። ዛሬ ፐርፕል ሃውስ ይባላል፤ አሊስ ያለው ቤታቸው በእርግጥም ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ነው። ከአሥር በላይ ሩቅ መንደሮች ማሽን አስገብተዋል። ማሽን የተገጠመለት ሐምራዊ የጭነት መኪናም አላቸው። አገሩ ልቅሶ ያለበት ሰው በመኪናው ምክንያት ቀብር ይደርሳል። ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሀና፣ ዘራፍ አትደባልቂ ቢልሽም እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም ያዳናቸው። አንዲት ታካሚ ነበረችኝ፤ ትልቅ ሴት። እንግሊዝኛ እምብዛም፤ የኔም የእሷን ቋንቋ አልነካውም። ማሽኑ ላይ ሆና በነፃ እጇ አንሶላው ላይ በጣቷ ክብ ትስል ነበር። ከክቡ መስመር ታወጣለች፣ ሌላ ክብ። የሆነ ነገር እያንጎራጎረች። ከዚያ በመዳፏ ትጠርገዋለች፤ ምንም ያልተሳለበትን አንሶላ። ግራ ይገባኝ ነበር። የደም ግፊቷን ግን በዚያ ሰዓት ስለካ ሁልጊዜ የተሻለ ነበር። ሳይንስ ነው አልልም፤ እኔ ያየሁትን ነው። ትናንት ማታ ቀለም ቀቢው ስለ አያትየውና ስለ አሸዋው ሲጽፍ ገና አሁን ገባኝ። አልቅሻለሁ።

ሀና_ዲሲ · እሑድ፣ 6፡10

ምን ልበል። እግዜር ይስጥልኝ ስለጻፍሽው።

ዘራፍ_ነኝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡37

ከነርሷ ጽሑፍ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ስለ ልጄ ያልኩትን ትቻለሁ። የሰው ንብረት ስለሚወስዱት ያልኩትን ግን አልተውም፤ እንዲያውም ብሶብኛል።

ይኸውላችሁ። ክሊፎርድ ፖሰም ጃፓልጃሪ የሚባል ከፓፑንያ ዝነኞች አንዱ በ1977 "ዋርሉጉሎንግ" የሚል ትልቅ ሥዕል ሠራ። ታሪኩ ራሱ የሚገርም ነው። የአንድ አባት ሁለት ልጆች አድነው ያገኙትን ካንጋሮ ለአባታቸው ሳያካፍሉ ብቻቸውን ይበላሉ። አባት እሳት ይለቅባቸዋል። ሰደዱ አገር ያቃጥላል፣ ልጆቹ ይሞታሉ። አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ አለመብላት እዚያም ኃጢአት ነው! ሥዕሉን አንድ ባንክ በ1,200 ዶላር ገዝቶ ሠራተኞች የሚበሉበት አዳራሽ ሰቀለው። (ስለ ምግብ የሚያወራ ሥዕል ምግብ ቤት። አልሳቅኩም ብል ውሸት ነው።) በ2007 በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ገዛው። ሠዓሊው ሞቶ አምስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ሽያጭ ለቤተሰቡ በሕግ የሚደርስ ድርሻ አልነበረም። ሥዕል በድጋሚ ሲሸጥ ለሠዓሊው ወይም ለወራሹ 5 በመቶ ይድረስ የሚለው ሕግ የተጀመረው በሰኔ 2010 ነው።

በረሃ ድረስ እየሄዱ አሮጌ መኪናና ጥቂት ብር ሰጥተው ሥዕል ጭነው የሚሄዱ ደላሎች ደግሞ አሉ። ነገሩ እስከ ፓርላማ ምርመራ ደርሷል። የእናት_በሜልቦርን ቡመራንግም እዚህ ውስጥ ነው። በ2022 የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት አወጣ። በነባሮቹ ስልት ለተሠራ የቱሪስት ዕቃ ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ከእነሱ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ዕቃ ነው የሚሄደው። ከዚያ በፊት በ2019 ኢንዶኔዥያ የተሠራ ዕቃ "በአውስትራሊያ በእጅ የተሳለ" እያለ የሸጠ አንድ ድርጅት 2.3 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። እና አስተማሪዋ ሕፃን ልጅ ላይ ከምትወርድ ያ ሱቅ ላይ ትውረድ።

ጋሽ_ታዛቢ · እሑድ፣ 1፡55

ዘራፍ፣ ወረደችባት አልተባለም፤ ራስሽን ሳዪ ነው ያለቻት። ሱቁን ግን ልክ ብለሃል።

መግዛት ለምትፈልጉ የማውቀውን ልበል። ማን እንደሳለው፣ አገሩ የት እንደሆነ፣ በየትኛው የሥዕል ማዕከል እንደመጣ ጠይቁ። ማዕከሎቹ የራሳቸው የመንደሩ ሰዎች ንብረት ናቸው። ቀለምና ሸራ ያቀርባሉ፣ ሥዕሉን ይመዘግባሉ፣ ታሪኩን ይጽፋሉ፣ ሽያጩንም ይይዛሉ። ትክክለኛ ሻጭ የሠዓሊውን ስምና ታሪኩን የያዘ ወረቀት አብሮ ይሰጣል። "የአቦርጂናል ስልት" ብቻ የሚል ከሆነ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ውድ ነው ለምትሉ ደግሞ ሁሉም ሚሊዮን አይደለም። እኔ ለልጄ ሰርግ የሣር ቅርጫት ገዝቼአለሁ፤ የበረሃ ሴቶች ተሰብስበው እየተጫወቱ የሚሰፉት። ስፌቱ የእናቴን ሰፌድ አስታወሰኝ። አለቱም አክርማውም የነበረ ይመስላል።

ነርስ_ነበርኩ · እሑድ፣ 2፡30

ጃንፒ ናቸው ጋሼ። ጃንፒ ማለት ሣር ነው። በ1995 ነው የጀመሩት። ሣር ለመልቀም ብለው መኪና ሞልተው በረሃ ይወጣሉ። ልጆቹንም ይዘው ነው የሚሄዱት። ሐኪም በቀን ይህን ያህል ተራመጂ ብሎ ከሚጨቀጭቃት ይሄኛው ይሻላል።

እናት_በሜልቦርን · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ተመለስኩ። አስተማሪዋን አነጋገርኳት። ልጣላ ሄጄ ቡና ጠጥተን ተለያየን። ስለ ፖሰም ካባው ስነግራት እሷም ጋሼ ያሉትን ነው የነገረችኝ። ለክፍሉ ፌዴሬሽን አደባባይ ያለውን የኩሪ ቅርስ ማዕከል ሊያስጎበኙ አስበዋል። አብሬ ልሄድ ተመዝግቤአለሁ።

ማታ ልጄን አስቀመጥኳትና ርስት ምን እንደሆነ ነገርኳት። ዓይኗን አፍጥጣ "እኛስ የት ነው ያለን?" አለችኝ። ደሴ አልኳት። አይታው አታውቅም። እንደ ወፍ ከላይ ሆነን እንሳለው ተባባልን። የእማማን ቤት በካሬ አደረገችው፤ ክብ ካደረግሁት የነሱ ይሆናል ብላ። በግቢው የነበረውን የኮክ ዛፍ ነገርኳት። ቡና የሚፈላበትን ቦታ በትንሽ ጀበና ምልክት አደረገች። የሚቀመጡትን ሰዎች እንዴት ልሳል አለችኝ። አንቺ ምን ይመስልሻል አልኳት። ከላይ ሲታይ ነጠላ ነው የሚታየው ብላ ነጭ ጠርዝ ያላቸው ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሳለች። እኔ እንዲህ አላስብም ነበር።

አሁን የተጣበቅነው ተራራውና ወንዙ ላይ ነው። እኔ ከደሴ የወጣሁት በአሥር ዓመቴ ነው። ጦሳ በየት በኩል ነው? ቦርከናስ? ወሎዬ ካለ ቶሎ ይንገረን፤ ቀለሙ እየደረቀባት ነው።

የወሎ_ልጅ · ሰኞ፣ 1፡34

አለሁ እህቴ! ወረቀቱን ሰሜኑን ወደ ላይ አድርጊው። ጦሳ በግራ በኩል ነው፣ ምዕራብ፤ ከተማዋ ላይ ተደግፎ የቆመ አድርጋ ትሳለው። በቀኝ አዝዋ ገደል። ቦርከና በመሃል ወደ ታች ወርዶ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። የእማማ ቤት በየትኛው ሰፈር ነበር? ፒያሳ ከሆነ ቤቱን ትንሽ ወደ ወንዙ ታስጠጋው።

እናት_በሜልቦርን · ሰኞ፣ 1፡36

አራዳ። ወይኔ፣ ወንዙን በስተቀኝ አድርጋዋለች። ቆይ፣ ወረቀቱን እናዙረው ትላለች።